በባልዲ የመጡት ዓሦች

ባለቤቴ አርቪድ ዕድሜውን ሙሉ በጀልባ ሳልሞን የሚባለውን ዓሣ ሲያጠምድ ኖሮ፣ ጡረታ ሲወጣ የሳልሞን ሞግዚት ሆነ። ይህን ስለው ይናደዳል፤ ስለዚህ ደጋግሜ እለዋለሁ። በእኛ በኩል፣ በዋሽንግተን ግዛት ባሕር ዳርቻ፣ የሁለተኛ ክፍል ልጆች በብርዱ ወራት የሳልሞን እንቁላል ይሰጣቸዋል፤ በክፍላቸው የመስታወት ገንዳ ውስጥ አስፈልፍለው በጸደይ ወንዝ ይለቋቸዋል። ገንዳውን የሚንከባከበው በጎ ፈቃደኛ አርቪድ ነው። ልጆቹንም ወንዝ ዳር እየወሰደ፣ ድንጋይ እያስገለበጠ፣ ዓሣው የሚበላውን ትል ያሳያቸዋል፤ ዓሣውን የሚበላውን ወፍም።

ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ሰው ልጆቹን ሲያይ ምላሱ ይፈታል። ልጆቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዓሣ መርጠው ስም አውጥተዋል። ጁኒፐር የምትባል የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ የራሷን «ኩኪስ» ብላዋለች።

«አባባ አርቪድ፣ ኩኪስ ዛሬ በልቷል?»

«እንዴታ! እንዳንቺ ምሳውን አያተርፍም።»

ሊለቀቁ አንድ ሳምንት ሲቀር ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ የከተማው መብራት ጠፋ። ውሃውን የሚያቀዘቅዘውና አየር የሚነፋው ማሽን ቆመ። እሑድ አርቪድ የትምህርት ቤቱ በር ሲከፈትለት ዓሦቹ በሙሉ ሞተው ተንሳፍፈው አገኛቸው።

መምህርቷ ሚስ ዴልጋዶ ገና ልጅ ናት፤ እንባዋ መጣ። «እንቁላሉ የመጣበት የዓሣ ማርቢያ ጣቢያ ያሉት ከነዚህ በምን ይለያሉ?» አለችው።

«በምንም።»

«ታዲያ ልጆቹ በምን ያውቃሉ?»

አርቪድ ምን ላድርግ ብሎ እኔንም ጠየቀኝ። «አንተ ሰውዬ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ከምታስለቅስ ሂድና አምጣ» አልኩት። በባልዲ አመጣ።

ሰኞ ልታግዢኝ ትችያለሽ ብሎኝ አብሬው ነበርኩ። ልጆቹ ገቡ። ጁኒፐር አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«ኩኪስ! እዩት፣ አወቀኝ! እኔን እያየ ነው እኮ!»

አርቪድ «ይኼ የኔ አይደለም» ብትል የሚመልሰውን አዘጋጅቶ ነበር። ደስታዋን ግን አልቻለውም። ወንበር ስቦ ከፊቷ ተቀመጠ።

«ጁኒፐር፣ ይኼ ኩኪስ አይደለም። ኩኪስ ሞቷል። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ሞቱ። እነዚህን ትናንት በባልዲ ያመጣኋቸው እኔ ነኝ።»

ክፍሉ በልቅሶ ተናጋ። ጁኒፐር ግን አላለቀሰችም።

«ውሸታም ሽማግሌ!» አለችው።

ሚስ ዴልጋዶ ልትቆጣት ስትል አርቪድ እጁን አነሳ። «ተያት፣ እውነቷን ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም። እሱም ሾርባው እየቀዘቀዘበት «ወንዙ ጋ አትመጣም» ይለኛል። በዚያ ሳምንት አልቀለድኩበትም፤ አንጀቴን በላው።

ዓርብ ግን መጣች፤ እጆቿን አጣጥፋ፣ ከሁሉም ርቃ ቆመች። ለየልጁ በላስቲክ ኩባያ አንድ አንድ ዓሣ እሰጣለሁ፤ እነሱም ወንዙ ዳር ተንበርክከው ይለቃሉ። ሁሉም ከጨረሱ በኋላ ጁኒፐር የመጨረሻውን ኩባያ ተቀብላኝ ወደ አርቪድ ሄደች።

«ስም አለው?»

«የለውም።»

«እንዳታወጣለት።»

ተንበርክካ ኩባያውን ቀስ አድርጋ አዘነበለች። ዓሣው ድንጋይ ሥር ትንሽ ቆየና ሄደ። እሷ ዓይኗን ከውሃው አላነሳችም።

«ተመልሶ ይመጣል?»

«ብዙዎቹ ባሕር ገብተው አይመለሱም። ጥቂቶቹ ከሦስት ዓመት በኋላ እዚሁ እንቁላል ሊጥሉ ይመጣሉ።»

«ያኔ አብረን እናያቸዋለን?»

ይህን በየዓመቱ የሚጠይቀው ልጅ አይጠፋም። አርቪድም በየዓመቱ «ያለ ጥርጥር!» ይላል። ዘንድሮ ግን እንደዚያ አላለም።

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አላት። «ሰማንያ ሞልቶኛል። ሐኪሞቹም ልብህ ደክሟል ብለውኛል።»

ጁኒፐር አሰበችበት።

«እሺ» አለች። «ባትኖርም እኔ አይልሃለሁ።»

ባዶውን ኩባያ እጁ ላይ አስቀምጣ ወደ ጓደኞቿ ሮጠች። እኔ የልቡን ነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ከሐኪም ቤት በተመለሰ ቁጥር «ደህና ነኝ፣ እንደ ወይፈን ነህ አሉኝ» እያለ ሲያስቀኝ ነው የከረመው። ሄጄ ክንዱን ያዝኩት።

«መቼ ነው የነገሩህ?»

«ከገና በፊት፣ ማርሊን» አለኝ።