የመንደሩ ኤላና የመንገዱ ጉድጓድ

ሥራ ልለምን የሄድሁት በአንድ ማክሰኞ ጧት ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ሸዋ ሮቢት ላይ፣ ከሮቢ ወንዝ ዳር የመንገድ ሥራ ሰፈር ተተክሎ ነበር። የሰፈሩ ሐኪም፣ ጣሊያናዊ ነው፣ ወረቀትና እርሳስ አቀረበልኝና የራሱን ጫማ እንድሥልለት አዘዘኝ። ኤርትራ ብዙ ዘመን ስለ ኖረ ትግርኛ የተቀላቀለበት አማርኛ ይናገር ነበር። ክሩ የተበጠሰውን ስፌት ሳላስቀር ሣልሁለት። ጫማውንና ሥዕሉን ሲያስተያይ ቆይቶ፣ «ነገ በጧት ና» አለኝ።

እኔ በሙያዬ ቁም ጸሐፊ ነበርሁ። አንኮበር አካባቢ ከመምህሬ ዘንድ ተቀምጬ ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብርዕ መቅረጽ ተምሬአለሁ። ጦርነቱ ሲመጣ መጽሐፍ የሚያጽፍ ሰው ጠፋ፤ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ወረድሁ። ከጠላት ሰፈር መግባቱ ግን ከበደኝ። የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው፣ «ጠመንጃ አትያዝ፤ የሰው ነገር አታመላልስ። ንዳድ የጣለውን ሰው ብታሳክም ግን ማን ይወቅስሃል?» አሉኝ። በዚህ ቃል ገባሁ።

ሥራው ይህ ነበር። የበሽተኛውን ጣት በመርፌ ወግቼ አንዲት ጠብታ ደም በቀጭን መስተዋት ላይ እቀባለሁ። ሲደርቅ ቀለም አፈስበታለሁ፤ ሰዓት ጠብቄ አጥበዋለሁ። ከዚያም በማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጬ የንዳዱን፣ ዛሬ ወባ የሚባለውን፣ ተውሳክ እፈልጋለሁ፤ ያገኘሁትንም እሥላለሁ። ቀለሙ እየጓጐለ መስተዋቱን ሲያበላሽብን፣ የብራናን ቀለም እንደምናጠራው በስስ ጨርቅ አጥልዬ አቀረብሁለት። ሐኪሙ አይቶ፣ «ይህን ማን አስተማረህ?» አለኝ። «ጸሐፊ ሁሉ ያውቀዋል» አልሁት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቀለሙን ጠርሙስ ከእኔ በቀር የሚነካው አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አፈርሁ። ሐኪሙ የተውሳኩን መልክ የሚያሳይ መጽሐፍ ነበረው። በማይክሮስኮፑ የማየው ከመጽሐፉ ሥዕል ሲለይብኝ፣ ዐይኔ ተሳሳተ እያልሁ እንደ መጽሐፉ አቃንቼ እሥለው ነበር። በእኛ ቤት ጸሐፊ ከሚገለብጠው መጽሐፍ ወጥቶ አንዲት ነቁጥ ቢጨምር ጥፋቱ ከባድ ነው። አንድ ቀን ሐኪሙ የአንዱን ሠራተኛ ደም ራሱ ሲመለከት፣ እኔ ክብ ቀለበት አድርጌ የሣልሁት ተውሳክ እንደ ማጭድ የታጠፈ ሆኖ አገኘው።

«ይህን ቀለበት ከየት አመጣኸው?»

«ከመጽሐፍዎ ነው፣ ዶቶሬ።»

«መጽሐፉ ታሟል እንዴ? የታመመው ሰውዬው ነው! ጫማዬን ስትሥል መጽሐፍ አይተሃል?»

የሳምንቱን ሥዕል ሁሉ ቀድዶ እንደ ገና አሠራኝ።

ዝናብ ሲጥልና በሽተኛ ሲቀር ያጫውተኝ ነበር። በአገሩም ንዳድ ከረግረግ በሚነሣ ክፉ አየር ይመጣል ይባል እንደ ነበረ፣ ሊቃውንቱም የጥንት መጻሕፍትን እየጠቀሱ ሲከራከሩ ብዙ ዘመን እንዳለፈ ነገረኝ።

«በኋላ ይህ መስተዋት መጣ» አለ ማይክሮስኮፑን እያሳየኝ። «ቀድሞ ‹ማን ተናገረው?› ይባል ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ‹ማን አየው? እኔስ ላየው እችላለሁ?› ማለት ተጀመረ። የድኻ ልጅ መስተዋት ይዞ ትልቁን ፕሮፌሰር ተሳስተሃል ለማለት በቃ። ንዳዱን የምታመጣው በቆመ ውኃ የምትፈለፈል ትንኝ መሆንዋ ታወቀ፤ ረግረጉ ተንጣፈፈ፤ በየመስኮቱ የሽቦ ወንፊት ተደረገ፤ ሰው ይሸሸው የነበረው ሜዳ መንደር ሆነ።»

ይህን በእውነት አደነቅሁ። ሃይማኖቴንም አልነካብኝም፤ እግዚአብሔር የሚታየውንም የማይታየውንም እንደ ፈጠረ በየቀኑ በጸሎቴ የምመሰክረው ነው። አንድ ነገር ግን ጠየቅሁት። «ይህን ሁሉ የገለጠላችሁ ዕውቀት የሰው አገር አትውሰዱ ብሎ ለምን አላስተማራችሁም?»

መስተዋቱን በጨርቅ ወለወለና፣ «እሱ በዚህ አይታይም» አለኝ።

በዚያው ክረምት መጨረሻ ንዳዱ በመንገድ ሠራተኞቹ ላይ በረታ። የሥራው አለቃ መኰንንነቱን በየሰዓቱ የሚያስታውሰን ቁጡ ሰው ነበር። በሽታው የሚመጣው በጀውሃ መንገድ ዳር ካለችው የአርጎባ መንደር ኤላ ነው ብሎ ቈረጠ፤ ኤላ የሚሉት ቈፍረው ያወጡትን የመጠጥ ውኃቸውን ነው። መንደሩ ይቃጠል፣ ሰዉ ይነሣ፣ ኤላው ይደፈን ብሎ ለበላዮቹ ሊጽፍ የሐኪሙን ፊርማ ጠየቀ። ማሽላው በማሳ ላይ ገና አልደረሰም፤ ያን ጊዜ የተነሣ ሰው ዓመቱን በረኃብ ይገፋል። ሐኪሙ፣ «ውኃውን ሳላይ አልፈርምም» አለና ጠርሙሶች አስይዞ ሰደደኝ። አለቃው ከኋላዬ፣ «ከኤላው ብቻ!» ብሎ ጮኸ።

በመንደሩ ሼህ ሰኢድ የሚባሉ ሽማግሌ ተቀበሉኝ። ኤላው ጥልቅ ነው፤ ዋርካም ጥላውን ጥሎበታል። ውኃ ትቀዳ የነበረች ዘሀራ የምትባል ሴት ጥምጥሜንና ጠርሙሶቼን አይታ ሣቀች።

«ደብተራ፣ ድግምቱ አልበቃ ብሎህ ውኃችንን ልታስርብን መጣህ?»

«ትል ፍለጋ ነው የመጣሁት።»

«ወላሂ፣ ትል ከፈለግህ እነዚያ ጣሊያኖችህ የቈፈሩት ጉድጓድ ሞልቶልሃል። ፍየሎቻችን እንኳ አይጠጡትም!»

ሼኹ አልሣቁም። «ልጄ፣ አንተ የመጽሐፍ ሰው ነህ። በእኛ ላይ የምትጽፈውን አላህ ያየዋል» አሉኝ።

ዘሀራ የተናገረችው እውነት ነበረ። ለመንገዱ መደልደያ አፈር የወጣባቸው ጉድጓዶች የዝናብ ውኃ አቍረው፣ ጥላ የሌላቸው፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥተዋል። አንድ ጠርሙስ ባዶ ቀርቶኝ ነበር። የታዘዝሁት ከኤላው ብቻ እንደ ሆነ ዐውቃለሁ፤ በአለቃው ትእዛዝ የተገረፉ ሰዎችን ጀርባም በገዛ እጄ አጥቤአለሁ።  ቢሆንም ተንበርክኬ ቀዳሁ፤ በጠርሙሱም ላይ ቦታውን ጻፍሁበት።

ከሰፈር ስደርስ አለቃው በሐኪሙ ድንኳን ውስጥ ይንጐራደድ ነበር። ጠርሙሶቹን በጠረጴዛው ላይ ደረደርሁ። የትንኝ እጭ ሁለት ዓይነት አተኛኘት እንዳለው ሐኪሙ አስተምሮኛል። የተራው ትንኝ እጭ ጅራቱን ከውኃው ፊት አስነክቶ ራሱን ወደ ታች ያንጠለጥላል፤ ንዳድ የምታመጣው ትንኝ እጭ ግን በውኃው ፊት ላይ ተጋድሞ ይተኛል። ከኤላው በተቀዳው ውኃ አንድም እጭ የለም። በመጨረሻው ጠርሙስ ግን ተጋድመው ሞልተዋል።

«ይህ ከየት ነው?» አለ አለቃው።

«ከእርስዎ ጉድጓድ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም።»

እጁ ወደ አለንጋው ሄደ። ያን ጊዜ ጣሊያንኛው ይገባኝ ስለ ነበር የተባባሉትን ሁሉ ሰማሁ።

«በኋላ ትመታዋለህ» አለው ሐኪሙ። «አስቀድመህ ጐንበስ ብለህ እይ።»

«ያገሬው ጸሐፊ ሥራዬን ሊያስተምረኝ ነው?»

«እሱንም አትመን፤ እኔንም አትመን። ዐይን አለህ።»

አለቃው ጐንበስ አለ። ብዙ ቆየ። ቀና ሲል ማንንም ሳያይ ቆቡን አንሥቶ ወጣ።

ይቅርታ አልጠየቀም። በማግስቱ ግን ጉድጓዶቹ ቦይ ተቀድዶላቸው ተንጣፈፉ፤ አልነጥፍ ባሉትም ላይ እጩን የሚያፍን፣ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት ፈሰሰ። መንደሩን የሚያስነሣው ወረቀት ሳይፈረም ቀረ። በኅዳር ማሽላው ሲወቃ በዚያ ሳልፍ ሼህ ሰኢድ ከዐውድማው ተጣሩ። «ደብተራ! ና ቅመስ እንጂ! ወይስ ይህንም በመስተዋት ሳታይ አትበላም?» ቀመስሁ።

ነጻነታችን ከተመለሰ በኋላም ሙያውን አልተውሁትም፤ ከማጀቴ ከተማ እስከ አሊዩ አምባ፣ ንዳድ ባለበት ቆላ ሁሉ ደም ስመረምር ኖርሁ። ዳዊት ጽፌአለሁ፤ ውዳሴ ማርያም ጽፌአለሁ። እግዚአብሔር እንደ ድፍረት አይቍጠርብኝና፣ ከእጄ ጽሕፈት ሁሉ አብዝቼ የምኰራው በዚያች ጠርሙስ ላይ ባሰፈርሁት የቦታ ስም ነው።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው አጭር ነው። ውኃ ስትቀዱ ከተከሰሰው ሰው ኤላ ብቻ አትቅዱ፤ ከሚያሠራችሁም ሰው ጉድጓድ ቅዱ።