ቀትር ላይ የምትወጣው ፀሐይ

ደምለው ሰዓት ሲረከብ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል። አንዱ «መቼ ቆመ?» ነው። ሌላው «በሐበሻ ላስተካክለው በፈረንጅ?» ነው። ከባንክ ቤት የሚመጡ አንዳንዶች በፈረንጅ ይላሉ፤ የቀረው የደብረ ማርቆስ ሰው በሐበሻ ነው። መልሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ማሰሪያው ላይ በክር ያንጠለጥላል። ከዚያ ማጉያውን ግራ ዓይኑ ላይ ወትፎ ያጎነብሳል። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው ይኸው ነው።

በ1999 ዓ.ም. ግን ሞባይል በዛና ሰው ሰዓት ለማየት ክንዱን ትቶ ኪሱን መዳበስ ጀመረ። ደምለውም የሱቁን ግማሽ ለልብስ ሰፊዋ ለጥሩብርሃን ለቀቀላት። ከዚያ ወዲህ በአንድ ጣሪያ ሥር እሱ ዝም ይላል፤ የእሷ የስፌት መኪናና አፏ ይሠራሉ።

በዚያ ዓመት ጥቅምት መግቢያ ላይ አንድ ከባድ መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ከሱቁ ፊት ቆመ። ሾፌሩ አበረ ይባላል። የደጀን ሰው ነው፤ ከጅቡቲ ወደብ ባሕር ዳር ጭነት ያመላልሳል። መዳፍ የምታህል ግራጫ መጫወቻ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ጋሼ፣ ሰዓቴ ቆሟል ትለኛለች ይቺ።»

«ምን የሚሉት ሰዓት ነው ይሄ?»

«ሰዓትስ አይደለችም፣ ጌም ናት። ውስጧ ግን ሰዓት አለ። ሰዓት የቆመበት ሰው ወዴት ይሄዳል? ወደ እርስዎ ነዋ!»

ጥሩብርሃን ስፌቷን አቆመች። «ኧረ የኔ ወንድም! ይህን የሚያህል ጢም ይዘህ ትጫወታለህ?»

«አንቺም ወደብ ላይ ሦስት ቀን ወረፋ ጠብቂና እናያለን።»

አበረ ነገሩን በችኮላ አስረዳ። በጫካና በሜዳ እየዞርክ እንስሳ ታጠምዳለህ። ያጠመድከውን ታሳድጋለህ፣ ከሌላው እንስሳ ጋር ታጋጥማለህ። ያሸነፈ ልምድ ያገኛል፤ ልምዱ ሲሞላ አንድ ደረጃ ይወጣል፤ ደረጃው ከፍ ሲል ይለወጥና ሌላ ፍጥረት ይሆናል። እሱ ሠላሳ አንድ እንስሳ አለው። ከሁሉም አብልጦ የሚወደው ሸጌ ብሎ የሰየመውን፣ ግልገል ይሁን ድመት ያልለየለት ትንሽ ነጭ ነገር ነው።

ደምለው መጫወቻው ጀርባ ላይ የተሰካውን ካርድ ፈትቶ ከፈተው። ሳንቲም የምታህል ባትሪ ወጣች፤ የሚያውቃት ናት፣ ካልኩሌተር ውስጥም አለች። ደክማለች። ሰዓቱን ማስኬድ አቅቷታል፣ ማስታወሻውን ግን ገና አልጣለችም።

«ሠላሳ አንዱንም የያዘችልህ እሷ ናት» አለው። «ዝም ብዬ ብነቅላት አንድም አይተርፍህም።»

ስለዚህ በሁለት ቀጫጭን ሽቦ ሌላ ባትሪ ከጎን አያያዘ። አሮጌዋን አላቆ አዲሷን እስኪበይድ ድረስ ማስታወሻው በዚያች በጎን ባትሪ ኖረ። ሲበራ ሸጌ ካለበት አልተነቃነቀም።

ከዚያ መጫወቻው ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀ። አበረ አንድ እግሩን መኪናው ደረጃ ላይ አድርጓል። «ሦስት ሰዓት ነው በሏት፣ ጋሼ!» ደምለው ቀና ብሎ የግድግዳውን ሰዓት አየ። ሦስት ነው። ሦስት ብሎ ሞላላትና ሰጠው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ መኪናው ተመልሶ መጣ። ሞተሩ አሁንም አልጠፋም።

«ጋሼ ደምለው፣ ክፉ ልናገርዎት አልፈልግም» አለ አበረ። «ግን እርስዎ ከከፈቷት ወዲህ ልክ አይደለችም። ገጿ ጠቁሮብኛል፣ ብርሃኗ ደክሟል። ሸጌም ቀጥ ብሎ ቀረ።»

«ቀጥ አለ ማለት?»

«አልለወጥ አለ! ጅቡቲ የሸጠልኝ ሰው ያኔ ነግሮኛል፤ ይሄኛው እንደ ሌሎቹ በደረጃ ብቻ አይለወጥም፣ ባለቤቱን ሲወድ ነው ብሎኛል። ጠዋት ጠዋት መኪናው እስኪጫን ይዤው እዞራለሁ፣ አጋጥመዋለሁ። አምስት ደረጃ አወጣሁት። ምንም! ምን ማለት ነው ይሄ? አልወደደኝም ማለት ነው።»

ጥሩብርሃን ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የሰውየውን ፊት አየችና መልሳ ዘጋችው።

«የሚመጣው ሳምንት ቅዳሜ እመለሳለሁ» አለ አበረ። «ጥፋቱ የእርስዎ ከሆነ ያብጁልኝ። ካልሆነ እለቀዋለሁ። የማይወደኝን ይዤ ምን አደርጋለሁ?»

«ለቀኸው ስታበቃ ብትፈልገውስ?»

«የተለቀቀ አይገኝም፣ ጋሼ። ከነስሙ ይጠፋል።»

መጫወቻዋን ትቶ ሄደ። ከደምለው እጅ ወጥቶ «አበላሸኸው» ተብሎ የተመለሰ ዕቃ እስከዚያ ቀን አልነበረም። ዓርብ ጠዋትን በመለካት አሳለፈ። ባትሪዋ ሦስት ቮልት ሙሉ ናት። ብየዳው እንከን የለውም። ገጹን ቀድሞ ከነበረው ጋር እንዳያስተያይ ቀድሞ እንዴት እንደነበረ ልብ አላለም። ብልሽቱ ብረቱ ላይ ካልሆነ ጨዋታው ላይ ነው፤ ጨዋታውን ደግሞ አያውቀውም። የማያውቁትን ዕቃ መጀመሪያ ደህና ሲሆን እንዴት እንደሚሠራ ያጠኑታል፤ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የተማረው ይህን ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ደብተር ገዛ። እንግሊዝኛውን አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰችው ጥሩብርሃን ታነብለታለች፣ እሱ ይጽፋል። በእያንዳንዱ መስመር ራስ ላይ እንደ ልማዱ ሰዓቱን ያሰፍራል።

«ይሄ ኤች ፒ የሚለው የፈረስ ጉልበት ነው» አላት። «ሞተር ላይም ይጻፋል።»

«የምን ፈረስ አመጡ? በተመታ ቁጥር የሚቀንሰው ነው። ይኸው፣ አለቀና ወደቀ።»

«ሞተ?»

«ራሱን ሳተ ይላል። ሐኪም ቤት ሲወስዱት ወዲያው ይነሣል።»

«ወረፋም የለው?»

«ካርድም አያወጣ!»

ሰኞ ሳቁ ቀረ። ደምለው እሳት ቅጠልን እንደሚያቃጥል፣ ቅጠል ውኃን እንደሚጠጣ፣ ውኃ እሳትን እንደሚያጠፋ ከተረዳ በኋላ የእንስሳቱ ወገን ሦስት ብቻ መስሎት ነበር። ወገኖቹ አሥራ ሰባት ሆነው ተገኙ። አሥራ ሰባት መስመር በቁም፣ አሥራ ሰባት በአግድም አሠመረና ማን ማንን እንደሚበልጥ እየሞከረ ሣጥኖቹን መሙላት ያዘ። አንዱ አንዱን ሲመታ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል፤ ሌላውን ሲመታ ግማሽ፤ አንዳንዱን ጨርሶ አይነካውም። እንስሳው በገዛ ወገኑ ምት ሌላውን ሲመታ ደግሞ ጉዳቱ በግማሽ ይጨምራል። ሁለት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ሣጥን! አንዱ ሲገፋ ሌላው ይዞራል፣ ሌላው ሲዞር ሦስተኛው ይቆማል። የሰዓት ሆድ ነው፤ ጥርሶቹ ግን ቁጥር ናቸው። እርሳሱን አስቀምጦ መጫወቻዋን ገለባበጣት። ይህን ሁሉ ማን አሰበው? እንዴትስ ሳይምታታበት?

ማክሰኞ ከዚህ የባሰ ገጠመው። ጨዋታው ውስጥ ባለች መንደር አንዲት ባልቴት አሉ፤ እንስሳህን አይተው ስላንተ ያለውን ልብ ይነግሩሃል። ደምለው ሸጌን ይዞ ገባ። ጥሩብርሃን ጎንበስ ብላ አነበበች።

«ምን አሉ?»

«ከዚህ በላይ መውደድ የለም አሉ። ካንተ ሌላ ማንንም አያይም አሉ።»

ደምለው በዚህ አላበቃም። ከአበረ እንስሳት አንዱን፣ ማንም ስም ያላወጣለትን አንድ ጥንዚዛ፣ ወስዶ አራት ጊዜ በግጥሚያ አስጣለው። ባልቴቷ «ቀዝቅዞሃል» አሉ። ከዚያ ቆጥሮ ሁለት ሺህ እርምጃ አብሮት ዞረ። ባልቴቷ «እየለመደህ ነው» አሉ። የትኛውም ገጽ ላይ የማይታይ፣ በእርምጃ የሚወጣ፣ በውድቀት የሚወርድ ቁጥር አለ ማለት ነው! ደምለው ክንዱ ላይ ጠጉሩ ቆመ። ሃያ ሁለት ዓመት የከፈተው ሁሉ ክዳኑ ሲነሣ የሚታይ ነበር። መውደድን የሚቆጥር፣ ቆጥሮም የሚደብቅ ዕቃ አይቶ አያውቅም።

«እንግዲያ ወዶታላ!» አለች ጥሩብርሃን። «ታዲያ ምን ቀረው?»

ምን እንደቀረው ደምለውም አላወቀም። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ዘግቶ ምሳ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከሰዓት በኋላ የሰው ሥራ አለበት። ደብተሩን ገለጠው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት፣ ገጹ ጥቁር፣ ጉጉት ወጣ። ሰኞ ሦስት ሰዓት፣ ገጹ ጥቁር፣ የሌሊት ወፍ ወጣ። ማክሰኞ አራት ሰዓት፣ ገጹ ጥቁር፣ ጉጉት። አነበበው፤ አልገባውም።

ረቡዕ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይበላም። ስለዚህ ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ወደ ቤቱ አልተነሣም፣ ሣጥኖቹን መሙላቱን ቀጠለ። ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ ያ ጠቆር ያለ ሜዳ ባንድ ጊዜ ፈካ። ሣሩ አረንጓዴ ሆነ። የቤቶቹ ጣሪያ ቀላ፤ ቀይ መሆናቸውንም ገና አሁን አየ። ከሣሩ ውስጥ በጉጉቱ ፈንታ ቢጫ ወፍ ብድግ አለች።

ነጋ።

ቀና ሲል የግድግዳው ሰዓት ሁለቱም ጣቶች ቀጥ ብለው ወደ ላይና ወደ ታች ቆመዋል። ልክ ስድስት። ደጅ የመብራቱ ምሰሶ ጥላ እግሩ ሥር ተጠቅልላለች።

«ጥሩብርሃን፣ ፈረንጅ ስድስት ሰዓት ያለ እንደሆነ ምን ጊዜ ነው?»

«ጠዋት ነዋ። እኛ አሥራ ሁለት የምንለው፣ ፀሐይ ስትወጣ።»

ማጉያውን ከዓይኑ አወጣው። መብራቷ አልደከመም፤ ሌሊት ነበር። እቺ መዳፍ የምታህል ነገር ውስጥ ፀሐይ አለች፤ በሰዓቷ ትወጣለች፣ በሰዓቷ ትጠልቃለች። እሱ ደግሞ ለማንም ሲጠይቀው የኖረውን ጥያቄ ለእሷ ሳይጠይቅ ሦስት ብሎ ሞላላት፤ የፈረንጅ ሦስት ሌሊት ነውና ፀሐይዋን ስድስት ሰዓት ጎትቶ ቀትር ላይ ተከላት። አበረ ሲጫወት ጠዋት ነው፤ ከዚያ በኋላ መሪ ይይዛል። ያ እንስሳ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሌሊት ሲዞር ከርሟል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ፊትዎ ልክ አይደለም።»

«ፀሐይ አንቀሳቅሼ ነው» አላት።

ሸጌን ግን በዚያ ብርሃን አላጋጠመውም። የባለቤቱ ነው።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ አበረ መጣ። ደምለው ደብተሩን ገልጦ ሁሉንም ነገረው፣ ጥፋቱንም ጭምር። አበረ በሐበሻና በፈረንጅ ነገር ለአፍታ ተደናገረ፤ ከዚያ ግንባሩን መታ። «ሦስት በሏት ያልኩት እኮ እኔው ነኝ!»

«መጠየቅ የእኔ ሥራ ነበር። አሁን ስማኝ። እንደገና እንድትጠይቀን ሰዓቷ መቆም አለበት፤ ሰዓቷ እንዲቆም ባትሪዋን ማስራብ አለብኝ። አንድ ጊዜ ማስታወሻው ተርፎልናል፤ ሁለተኛ ይተርፋል ብዬ አልምልልህም። ወይም ስድስት ሰዓት እስኪሆን ትጠብቃለህ።»

«ፀሐይዋ ስትወጣ ይለወጣል?»

«አላውቅም። ከከፈትኳት ወዲህ የተለወጠው ሰዓቷ ብቻ ነው፤ እሱን ነው የማውቀው። ባይለወጥም ግን አትልቀቀው። ባልቴቷ ያሉትን ጥሩብርሃን ትንገርህ።»

ነገረችው። አበረ ወጣና ሞተሩን አጠፋ። ያን መኪና ጸጥ ብሎ ያዩት ያን ቀን ነው።

ስድስት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሦስቱም አግዳሚው ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ጥሩብርሃን ገጹ እንዳያንጸባርቅ ነጠላዋን ከላይ ዘረጋች። የጫት ነጋዴ ልኮት ሰዓት ሊወስድ የመጣ ሰው «ምንድነው?» ቢል «ቆይ፣ ሊነጋ ነው!» አለችው። ሰውየው ወደ ሰማይ አንጋጦ የቀትሯን ፀሐይ አየና እሱም ቆመ።

ነጋ። አበረ «ውይ!» አለ፤ ወር ሙሉ ያላየው ቀለም ነው። ሸጌን ወደ ሣሩ አወጣው። ቢጫዋ ወፍ ብድግ አለች። ሁለት ምት፣ ሦስት ምት፣ ወፏ ወደቀች። የልምዱ መስመር ቀስ እያለ ሄዶ ሞላ። ደረጃው አንድ ከፍ አለ።

ምንም አልሆነም።

ከዚያ ገጹ ነጣ። ትንሹ ነገር ብርሃን ውስጥ ሟሟ፣ ረዘመ፣ ሰፋ። ሲመለስ እንደ ድኩላ ሸንቃጣ፣ ቀንዶቹ እንደ ንጋት ጨረር የሚያበሩ ፍጥረት ሆኖ ቆመ። ስሙ ግን ከሥሩ ያው ነው፤ ሸጌ።

«ወዶኝ ኖሯል» አለ አበረ በቀስታ። «በጨለማ ሲዞር ነበር እንጂ ወዶኝ ኖሯል።»

«እያለቀስክ እንዳይሆን» አለች ጥሩብርሃን፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካ ነካ እያደረገች።

የአበረ የጠዋት እርምጃ፣ አንድ የተሰወረ ቁጥር፣ አንዲት ፀሐይ፤ ደምለው ሦስቱ የገጠሙበትን ቅጽበት በዓይኑ አይቷል። ደብተሩን ገልጦ መስመሩ ራስ ላይ ሰዓቱን አሰፈረ።

አበረ ሊሄድ ሲነሣ ደምለው ያዝ አደረገው። «ሰዓቷንስ? ልሞክር ካልክ እሞክራለሁ።»

«አይንኳት። ከእንግዲህ ምሳዬን በልቼ፣ መሪ ሳልይዝ፣ ሲነጋልኝ አየዋለሁ።»

ደምለው ቁራጭ ወረቀት ቀደደ፤ «በሐበሻ» ብሎ ጻፈበትና በመጫወቻዋ ማንጠልጠያ ላይ በክር አሰረላት።