የቅዳሜዋ ውዳሴ

«ሽጪው እንጂ፤ ለማን ነው ተገትሮ የሚኖረው?» ይላት ነበር ገሠሠ ሚስቱን፣ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ። የሚለው ስለ ቴሌቪዥኑ ነው። ትሩፋት ትሰማዋለች፤ አትከራከረውም፤ ግን አትሸጠውም። ቴሌቪዥኑ ዳንቴሉን እንደለበሰ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጧል። አቧራውን ስትወለውል እንኳ ድምፅ እንዳይሰማ ቀስ ትላለች፤ በሽተኛ የተኛበት ቤት ይመስል።

የሚኖሩት ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ገሠሠ ዕድሜውን የፈጀው እዚያው አስፋልት ዳር፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ልብስ ሲሰፋ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ገሠሠ የሰፋው ዩኒፎርም ታናሽ ወንድም ሳይለብሰው አይቀደድም» ይል ነበር። ዓይኑ መጀመሪያ ክር በመርፌ ማስገባት ከለከለው። ቀጥሎ የአንድ ደንበኛ ሱሪ አንዱ እግሩ ከሌላው አጥሮ ተገኘ። ሐኪም ቤት ሲሄድ «የዓይን ግፊት ነው፤ ዘግይተህ መጣህ» አሉት። ከዚያ በኋላ ማሽኑን ቤት አስገብቶ፣ እሱም ደጃፉ ላይ ካለች ዱካ ላይ ተቀመጠ። ትሩፋት ጠዋት ጠዋት ጉሊት ወጥታ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች፤ ከሰዓት ስትመለስ እዚያው ዱካው ላይ ታገኘዋለች። ድሮም ብዙ አይናገርም ነበር፤ አሁን ጭራሽ ዝም አለ።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጉሊቱን በተነውና ትሩፋት ቀድማ ገባች። ቤቱ ውስጥ ከጣሪያው ቆርቆሮ በቀር የሚናገር የለም። ዝምታው ከበዳት መሰለኝ፣ ዳንቴሉን ገፍፋ ቴሌቪዥኑን ከፈተችው። ንፋስ ሲያፏጭ ተሰማ፤ ከዚያ የደወል ድምፅ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ ገሠሠ፣ ፊቱን ወደ ውስጥ መልሶ።

«እኔ ምኑን አውቄው? ፈረንጆች ናቸው።»

«ምን ያደርጋሉ?»

ትሩፋት እንግሊዝኛ አታውቅም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች፤ ያም ያማርኛው ነው። ግን ዓይን አላት። «ትልቅ የድንጋይ ቤት አለ» አለች። «አንድ ጢማም ሽማግሌ መብራት ይዞ ደረጃ ይወርዳል። ከታች ጓዳ አለ። መስታወት፣ ሰይፍ፣ ደወል... ብዙ ዕቃ ተቀምጧል። ሽማግሌው ደወሉን ሲነካው ሰዉ ሁሉ ባለበት ደረቀ። ዝናቡ እንኳ አየር ላይ ቀረ፤ ወየው ጉድ!»

«ተአምረኛ ዕቃ ነዋ።»

«ነው እንጂ። ውጭ ደግሞ ጥቁር የለበሱ ሰዎች አድፍጠዋል፤ ሊሰርቁ ነው። ሽማግሌውና ቤተሰቡ ጠባቂ ናቸው።»

«እንደ ዕቃ ቤት ጠባቂ በይኛ» አለ ገሠሠ፣ ዱካውን አንሥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ እየተጠጋ። «በቤተ ክርስቲያንም እኮ ዕቃ ቤቱን የሚይዘው የታመነ ሰው ነው።»

ከዚያ አንዲት ቀጭን የልጅ ድምፅ ተሰማች። ገሠሠ ቀና አለ። «እሷስ?»

«ልጅ ናት። ወደ አሥራ አምስት ብትሆን ነው። ሽማግሌው ሥራውን ሊያወርሳት ያስተምራታል።»

«ማን ትባላለች?»

ፈረንጆቹ ስሟን ይጠሩታል፤ ግን ከምላሳቸው ሳይወርድ ይቀራል። ትሩፋት ጆሮዋን ብታቆምም ልትይዘው አልቻለችም። ተመልሶ ዝም እንዳይል ፈራችና፣ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው፣ «ውዳሴ» አለችው።

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ብቻውን ወረደ። ገሠሠ እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አስቀምጦ ቆየና «ጥሩ ስም ነው» አለ።

ውዳሴ የልጃቸው ስም ነበር። አንድ ልጅ ወልደው ነበር፤ እሷም በአምስት ዓመቷ ሞተች። ያን ዘመን ሰፈሩ ውስጥ ተስቦ ገብቶ፣ እናትና ልጅ አብረው ወደቁ። ትሩፋት ሐኪም ቤት ራሷን ሳታውቅ ተኝታ ሳለች ልጅቷ ቤት ውስጥ አረፈች፤ ተቀበረች። ትሩፋት ድና ስትወጣ መርዶ ነገሯት። አለቀሰች። ለቀስተኛው መጥቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስሟ ተጠርቶ አያውቅም። እሷ እንዳትጠይቀው የሱን ፊት ትፈራለች፤ እሱ እንዳይነግራት የሷን እንባ ይፈራል። እንዲህ ሲፈራሩ ዓመታት አለፉ። ልጅቷ ብትኖር አሁን እንደ ፈረንጇ ልጅ ባደገች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ሌላ ቀን ሆነ። ገሠሠ ከምሳ በኋላ ፊቱን ታጥቦ ይጠብቃል። ጫልቱም መምጣት ጀመረች። ጫልቱ የጓሮ ጎረቤታቸው ናት። አባቶቿ ላፍቶ ከተማ ሳይሆን በፊት ያርሱ የነበሩ ናቸው፤ እሷ ዛሬም ግቢዋ ውስጥ ላሞች አሏት፤ ወተት ለሰፈሩ ታከፋፍላለች። የመጀመሪያ ቀን ትሩፋት «ውዳሴ» ስትል ሰምታ ጫልቱ ዞር ብላ አየቻት። ነገሩ ገባት። «እኛም ዘንድ እንዲህ የሚጠበቅ ነገር አለ» አለች ብቻ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «አያቴ ቤት ቦኩ ነበር፤ የአባ ገዳው በትር። እኛ ልጆቹ ባጠገቡ ስናልፍ እንኳ ድምፃችንን ዝቅ እናደርግ ነበር።»

ገሠሠ ስለ ሰይፉም ስለ መስታወቱም ይሰማል፤ የሚጠይቀው ግን ስለ ልጅቷ ነው።

«ዛሬስ ምን ለብሳለች?»

«ቀሚስ።»

«ቀሚስማ ቀሚስ ነው። ሽንሽን ነው ወይስ ዝርግ? አንገቱስ?»

«ሽንሽን ነው፤ አንገቱ ክብ። ቀይ ነው፤ እንደ በርበሬ ያለ ቀይ። ያምርባታል።»

«ወገቡ ላይ አልሰፋባትም? ቀጭን ናት ብለሽኛል።»

«ልኳ ነው። ገበር ሳይኖረው አይቀርም።»

ትሩፋት ጉሊት ቁጭ ብላ ሽንኩርት እየመዘነች የምታስበው ይህንን ሆነ። የተማሪ ልጅ ባጠገቧ ስታልፍ ቀሚሷን፣ የጸጉሯን አሠራር ልብ ትላለች፤ ለቅዳሜ ታስቀምጠዋለች። ውዳሴ ጸጉሯን ሹሩባ ተሠራች። ውዳሴ ቁመት ጨመረች፤ የበሩን መቃን ልትደርስ ነው። ውዳሴ ሽማግሌውን ትከራከራለች፤ «እንዳንተ እልኸኛ ናት» ትለዋለች ትሩፋት፤ ገሠሠ ጥርሱን ሳያሳይ ይስቃል። ፈረንጆቹ ሌላ ነገር ሲያወሩ ሊሆን ይችላል፤ ማን ይጠይቃል? አንዳንዴ ብቻዋን ስትሆን ትሩፋትን የሆነ ነገር ይሰቀጥጣታል፦ ማየት የተሳነውን ሰው እያታለልኩ ነው እንዴ? ትላለች። ግን ቅዳሜ ሲደርስ ገሠሠ ታጥቦ፣ ሸሚዙን ቀይሮ ሲጠብቃት ሐሳቡ ከልቧ ይጠፋል።

በሰኔ ወር በአንዱ ቅዳሜ፣ ጥቁር ለባሾቹ የድንጋዩን ቤት ከበቡት። መስታወቱን ሊወስዱ ነው። ሽማግሌው ቆስሏል። ልጅቷ ሌሎቹን በጓሮ በር አስወጥታ፣ በሩን ከውስጥ ዘጋችው። ትሩፋት እስከዚህ ድረስ ትንፋሽ እስኪያጥራት ነገረችው። ከዚያ ቤቱ ተቃጠለ። ጭሱ ሲገፈፍ ሽማግሌው ልጅቷን ታቅፎ ወጣ። እጇ ተንጠልጥሏል። ድንጋይ ላይ አጋደማትና ካባውን አውልቆ ፊቷን ሸፈነው። ተንበርክኮ አለቀሰ።

ትሩፋት ወደ ጫልቱ ዞረች።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለ ገሠሠ።

«ተ... ተኝታለች። ደክሟት። ሽማግሌው ይዟት ወጣ።»

ጫልቱ የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ነበር። «ላሞቹን ላያቸው» ብላ ተነሥታ ወጣች፤ እርጎ ያመጣችበትን ዕቃ እንኳ ረስታው ሄደች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትሩፋት መብራት በጠፋ ብላ ተመኘች። መብራቱ አልጠፋም። ሰዎቹ ወጡ፣ ገቡ፣ ተዋጉ። ገሠሠ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ምንም አልጠየቀም። የመዝጊያው ዘፈን መጥቶ ሲያልቅ፣ ጫልቱም ባዶውን ዕቃ ይዛ ስትወጣ፣ «ትርፌ» አላት። «ድምጿ የለም።»

«ዛሬ አልመጣችም። ሌላ አገር ልከዋታል፤ ለትምህርት...»

«ባለፈው ሽማግሌው ያለቀሰው ለተኛች ልጅ አይደለም» አለ ገሠሠ ረጋ ብሎ። «የሱን ቋንቋ ባላውቅ ልቅሶውን አላውቀውም?» እጁን ዘርግቶ ትከሻዋን ፈለገና አገኘው። «ሞተች አይደል?»

ትሩፋት «አዎ» ለማለት አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ቃል አልነበረም። በተኛችበት ያለፋት ለቅሶ፣ ለቀስተኛ ሲበዛ የዋጠችው፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣ። ገሠሠ አላባበላትም። አብሯት አለቀሰ፤ የማያዩት ዓይኖቹ እንባቸውን አላጡም።

ሲበርድላቸው «ይቅር በለኝ» አለችው። «ስሟን እኔ ነኝ ያወጣሁላት። ቀሚሱንም፣ ጸጉሩንም... ውሸቴን ነው።»

«ቴሌቪዥኑን የገዛሁት እኔ አይደለሁ?» አለ። «ጥቁርና ነጭ መሆኑን አጣሁት? ገና ቀይ ቀሚስ ስትይኝ አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«እንድትቀጥይ ነዋ። ልጄ ስታድግ መስማቴ ነበር። ስሟንም ካፍሽ ከሰማሁት ስንት ዘመኔ!»

ትሩፋት በነጠላዋ ፊቷን ጠረገች። ከዚያ በዚያ ሁሉ ዓመት ያልጠየቀችውን ጠየቀች። «ያን ዕለት... ምን አለበሳችኋት?»

ገሠሠ የማንን ቀን እንደምትል ገብቶታል። «ለእንቁጣጣሽ ቀሚስ ጀምሬላት ነበር» አለ። «አንቺን ላስደንቅሽ ብዬ በረንዳው ላይ ደብቄ ነበር የምሰፋው። ቢጫ ነው፤ ያበባ ጥለት ያለው። ዘርፉ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሰው ውጭ ተሰብስቦ እያለቀሰ እኔ ሄጄ ማሽኑ ላይ ተቀመጥኩ። አበደ አሉኝ። ቄሱ መጡና ቆመው አዩኝ፤ ‹ተዉት፣ ይጨርስ› አሉ። ጫልቱ ናት አጥባ ያለበሰቻት። ከዚያ በላዩ ላይ ገነዟት።»

«ልኳ ነበር?»

«ትንሽ ረዘም ብሏታል። ስታድግ እንድትለብሰው ብዬ አስረዝሜው ነበር።»

ትሩፋት እጁን ያዘችው።

በማግሥቱ እሑድ ሁለቱም ሰፈራቸው ካለው ቤተ ክርስቲያን ሄደው አስቀደሱ። ትሩፋት በዚያ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስታልፍ ስታገድም ኖራለች፤ ልጇ የትኛው ጥግ እንዳለች ግን አታውቅም። የሚያውቀው ገሠሠ ነው። ክንዷን ያዘና «ነይ» አላት። አንድ እጁን የግንቡን አጥር እያስነካ፣ ሰው እያሳለፈ፣ ሳይቸኩል ወሰዳት። ሰዎች ዓይነ ስውሩ ዓይናማዋን ሲመራ እያዩ ቆም ይላሉ። ግንቡ ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ቆመ፤ እጁን ዘርግቶ የጽድ ግንድ ዳሰሰ። «ከዚህ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ከጥላው ሥር። ምን ይታይሻል?»

ትሩፋት አየች። ስም የተጻፈበት ነገር የለም። «ሣር ነው» አለችው። «ክረምቱ አብቅሎታል። ሁለት ሦስት ድንጋይ አለ፤ አንዱ ወደ ጎን ተዘንብሏል። የጽዱ ፍሬ ወድቆበታል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«ይበቃል» አለና ጫማውን አወለቀ። ትሩፋት ጎንበስ ብላ የተዘነበለውን ድንጋይ አቃናችው። ጸሎት አደረጉ። ከዚያ እሷ ጉንጯን ሣሩ ላይ አድርጋ፣ ለልጇ ብቻ የሚሰማ ነገር ነገረቻት፤ ገሠሠም ሳይቸኩል ጠበቃት።

ሲመለሱ በጫልቱ በር ነው መንገዱ። ጫልቱ ፊታቸውን አይታ ምንም ሳትጠይቅ አስገባቻቸው። ግቢው ውስጥ፣ እበት ባልነካው በኩል፣ በርጩማ አወጣችላቸው፤ ለያንዳንዳቸው እርጎ ቀዳች።

«ቢጫ ቀሚሷን ነገርኳት» አላት ገሠሠ።

ጫልቱ ቁጭ አለች። «እኔ ስንት ጊዜ ልነግራት አስቤ...» ብላ አቋረጠች። ከዚያ ፊቷ በራ። «ትሩፋት፣ ጥጃዋን ያጠመቀቻትን ግን ነግሬሻለሁ?»

«ማን? ውዳሴ?» አለች ትሩፋት። ስሙ ከአፏ ሲወጣ ቀለላት።

«እሷ ናታ! ያቺ መጋል የምላት ላሜ ሴት ጥጃ እንደወለደች፣ ልጅሽ መጥታ ‹ስም አላት ወይ?› አለችኝ። ‹ገና ነው› ብላት፣ አንድ ጣሳ ውሃ ሙሉ አናቷ ላይ ገለበጠችባት። ጥጃዋ ደንብራ ስትሮጥ፣ ይቺ ደግሞ ‹ቁሚ፣ አልጨረስኩም!› እያለች ከኋላ...»

«ምን ብላ አጠመቀቻት?» አለ ገሠሠ። ይህን እሱም አልሰማውም ነበር።

«‹እማማ ጫልቱ› ብላ! በኔው ስም!»

ትሩፋት የጠጣችው እርጎ ትን እስኪላት ድረስ ሳቀች። ገሠሠ ጀርባዋን መታ መታ እያደረገላት «ቀጥይ፣ ቀጥይ፤ ከዚያስ?» አለ፤ ጫልቱም በርጩማዋን ሳብ አድርጋ ወደነሱ ተጠጋች።