የጠመንጃ ተራው የተዘጋበት ዓመት

ባለፈው ወር መታወቂያዬን ላሳድስ ቀበሌ ሄጄ ወረፋ ስጠብቅ በሩ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አነበብሁ። የጦር መሣሪያ ያለው ሁሉ መጥቶ ያስመዝግብ፣ ያለ ፈቃድ መሸጥም መግዛትም ክልክል ነው ይላል። ከኋላዬ የቆሙ ሁለት ወጣቶችም አንብበውት ኖሮ አንደኛው፣ «ገበሬ ጠመንጃውን ከሚሰጥ ሚስቱን ይሰጣል» አለና ተሳሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ጠመንጃውን አንግቶ ገዢ ፍለጋ የወጣና ገበያ እንዳይገባ የተከለከለ አንድ ገበሬ አውቅ ነበር። ጸሐፊዋ ስሜን ሁለት ጊዜ ጠርታ አልሰማኋትም። «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» ስትለኝ ነው ወደ ራሴ የተመለስሁት።

ያኔ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርሁ። የመምህርነት ሥልጠናዬን ጨርሼ ከመካነ ሰላም የአንድ ቀን መንገድ ወደምትርቅ አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ተመደብሁ። ስሟን አልጠራም፤ የዚያ ዘመን ሰዎች ልጆች ዛሬም እዚያ ይኖራሉ። ከተማ እንበላት እንጂ አንድ መንገድ፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያና አንድ ጭር ያለ ሜዳ ነበረች። ሜዳው የሚሞላው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ከበላይ የደጋው ሰው ገብስና በግ ይዞ ይወርዳል፤ ከበታች፣ ከዓባይ ሸለቆ በኩል፣ የቆላው ሰው ማሽላውንና በርበሬውን በአህያ ጭኖ አቀበቱን ይወጣል። እኔ በደረስሁበት ዓመት ግን የሚወርድም የሚወጣም እህል እየጠፋ ነበር። በልጉ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ቀርቷል። ክረምቱም ደጃፍ ረግጦ እንደሚመለስ እንግዳ ብቅ ብሎ ጠፍቷል። ጠዋት ስም ስጠራ «አቤት» የሚለኝ ተማሪ በየሳምንቱ ይቀንስ ነበር። ከሚመጡትም የአንዳንዶቹ ከንፈር አረንጓዴ ነው፤ የሳማ ቅቅል በልተው ነው የሚመጡት።

የንጉሡ መንግሥት የወደቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ምስለኔውና ጭቃ ሹሙ ገሚሱ ታሰረ፣ ገሚሱ ሸሸ። ከተማዋን የሚያስተዳድር ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ በእጅ ብልጫ ሲመረጥ እኔም አንዷ ሆንሁ። ሴት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ በዕድሜም የሁሉም ታናሽ ነኝ። ግን ጽሕፈት አውቃለሁ፣ አንደበትም ነበረኝ። ያ ጊዜ ደግሞ አንደበት ያለው የሚሰማበት ጊዜ ነበር።

ከከብት ተራው ጀርባ የጠመንጃ ተራ ነበር። ድሮም ነበር ይላሉ፤ ያን ዓመት ግን ከከብቱ ተራ በለጠ። የገጠር ሰው ችግር ሲጠናበት መጀመሪያ ፍየሉን ይሸጣል፣ ቀጥሎ በሬውን፣ ቀጥሎ የሚስቱን ድሪ። ጠመንጃ የመጨረሻው ነው። ወንዶቹ ውጅግራቸውንና ምንሽራቸውን ጋቢያቸው ላይ አጋድመው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ይቀመጣሉ። አስከሬን የሚጠብቁ ነበር የሚመስሉኝ። ገዢዎቹ ከዓባይ ማዶ የሚመጡ ነጋዴዎች ናቸው። በአንድ ስልቻ ገብስ ጠመንጃ ወስደው የሚሄዱ ነበሩ።

እኔ በዚያ ተራ ላለማለፍ በሌላ በኩል እዞር ነበር። አባቴን የገደለው በገበያ የተገዛ ጠመንጃ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለሁ በድንበር የተጣላቸው ጎረቤት ከማሳችን ጥግ ቆሞ ተኮሰባቸው። የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ አያ እሸቴ፣ ደሙን ይመልሳሉ ተብሎ ተጠበቀ። ውጅግራ ነበራቸው፤ ተኩሰው እንደማይስቱም አገር ያውቃል። እሳቸው ግን በሽማግሌ ታረቁ። በሠርግም በለቅሶም ቤት «የወንድሙን ደም የሸጠ» እያሉ አሽሟጠጡባቸው። መልሳቸው አንድ ነበር፤ «እኔ ገድዬ ስሸፍት ይቺን ልጅ ማን ያስተምራታል?» ከቆላው ተነሥተው፣ እግሬ ሲደክም ትከሻቸው ላይ እያስቀመጡ፣ መካነ ሰላም ወስደው ትምህርት ቤት ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አንድ ጎልማሳ ሊገዛ ያነሣውን ምንሽር «እስኪ ልሞክረው» ብሎ ምላጩን ሳበ። ጥይት የለበትም ተብሎ ነበር። ጥይቱ ሜዳውን አቋርጦ በርበሬ የምትሸጥ ሴት ደረት ላይ አረፈ። የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ እናት ነበረች። ስደርስ ልጅቱ የተደፋውን በርበሬ ከመሬት እያፈሰች ወደ ቁናው ትመልስ ነበር። እናቷን ቀና ብላ አታይም። በርበሬውን ብቻ ታፍስ ነበር።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰብን። እነዚያ ትላልቅ ሰዎች በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ሰብሳቢው አቶ ከበደ የሚባሉ የቀድሞ ወታደር ነበሩ። እሳቸው ያሰቡት ተራውን ከከተማ ወጣ ማድረግ ነበር። እኔ ተነሣሁ።

«ወጣ ብናደርገው ጥይቱ ሌላ ሰው ይገድላል እንጂ አይቀርም» አልሁ። «መሣሪያ በገበያ ጨርሶ አይሸጥ። መሸጥ የፈለገ፣ ጠመንጃው የራሱ ለመሆኑ ምስክር ወረቀት ያምጣ። ፖሊስ ጣቢያ ይመዝገብ፣ የገዢውም ስም ይጻፍ። ከዚያ በኋላ ይሽጥ።»

አያ ይማም እጃቸውን አነሡ። አያ ይማም ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ገበያው ዳር በረንዳ ላይ ከስፌት መኪናቸው ጋር የሚውሉ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው።

«መምህርት፣ የተናገርሽው እውነት ነው፤ አላህ ይባርክሽ። የትናንቷን ሴት ጨርቅ ያለበስኋት እኔ ነኝ። ግን ጭቃ ሹሙ ሸሽቷል። ወረቀቱን ማን ይጻፍለት?»

«መካነ ሰላም ሄዶ ያስጽፍ።»

«ከቆላ በባዶ ሆዱ የወጣ ሰው፣ ደግሞ መካነ ሰላም?»

«የአንድ ቀን መንገድ ነው፣ አያ ይማም።»

«ላንቺ የአንድ ቀን ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። «እባካችሁ፣ አዝመራ እስኪደርስ ታገሡት። መግቢያው ላይ ጥይት እንዳለው እንፈትሽ፤ መሞከርን እንከልክል። መሸጡን ግን አትዝጉበት። ሰውየው ጠመንጃ የሚሸጥ እንዳይመስላችሁ። ለልጆቹ የሳምንት ቀለብ እየገዛ ነው።»

የተወሰኑት ራሳቸውን ነቀነቁ። ክርክሩ ከእጄ ሊወጣ ሲል ታወቀኝ። ያን ጊዜ የአባቴን ነገር አነሣሁ። እሬሳቸው በቃሬዛ ሲመጣ እናቴ መሬት ላይ እንዴት እንደተንከባለለች፣ እኔ ከምሰሶው ኋላ ሆኜ እንዴት እንዳየሁ ነገርኋቸው። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ማስመሰል አልነበረም፤ ግን እንደሚረታቸው አውቄ ነበር። ስጨርስ አቶ ከበደ ድምፅ አሰጡ። አምስት እጅ ወጣ። ውሳኔውን በገዛ እጄ ጻፍሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለፋፊ ነገረ፤ በሁለቱ መግቢያዎች ዘበኞች ቆሙ። የጠመንጃው ተራ ባዶ ሆነ። ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ መረቁኝ። አንዳንዶች ከጋራው ኋላ ቁጥቋጦ ውስጥ በግማሽ ዋጋ እየሸጡ ነው ሲባል ሰማሁና ዘበኛ እዚያም ይላክ አልሁ። ኩራት እንደዚያ ያደርጋል።

በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ዕለት እያስተማርሁ ሳለ አያ ይማም ክፍሉ በር ላይ ቆሙ። ሥራቸውን ጥለው ሲመጡ አይቼ አላውቅም።

«መምህርት፣ እሸቴ የሚባል ሰው ታውቂያለሽ?»

«አጎቴ ናቸው። ምነው?»

«ነይ» አሉኝ። ተከተልኋቸው።

ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በታች አንድ ወይራ አለ። ከሥሩ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አንድ ወንድ ልጅ ጭኗ ላይ ተኝቷል፤ ከጎኗ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አለ። ቀርቤ እስካያት ድረስ የአጎቴ ሚስት እትዬ ዘነቡ መሆኗን አላወቅሁም። በነጠላው የተጠቀለለችው የአራት ዓመት ልጇ ናት። ያን ጧት ነው ያረፈችው።

«እትዬ ዘነቡ! መቼ መጣችሁ?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ? ቤቴ እኮ ያውና! ምነው ወደ እኔ...»

አላለቀሰችም። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ነገረችኝ።

«መግቢያው ላይ ወረቀት አምጣ አሉት። የለኝም አለ። መምህርቷ ያወጣችው ሕግ ነው አሉት። የቷ መምህርት ቢል ስምሽን ነገሩት። ደስ አለው፤ ሳቀ። የኛ አገር ሰዎች ከጋራው ኋላ ወስደው ሸጡ፤ ና አሉት። እኔም እግሩ ላይ ወድቄ ለመንሁት። ‹ልጄ ያወጣችውን ሕግ የማፈርስባት እኔ ልሁን?› አለኝ። ወረቀቱን ላስጽፍ ብሎ መካነ ሰላም ሄደ።»

«ለምን ቤቴ አልመጣችሁም?»

«አልሁት። ‹ጠመንጃ ይዤ ደጇ ብቆም ለዘመዷ አደላች ይሏታል፤ በወረቀቴ ስሸጥ ስንቅ ይዘን እንጠይቃታለን› አለ። እስክመለስ እንዳትሄጂ ብሎ አስማለኝ። ከዚያ አልመጣም።»

ልጁን በጀርባዬ አዘልሁት። አምስት ዓመቱ ነበር፤ ክብደቱ አልተሰማኝም። አያ ይማም ከሱቃቸው ነጭ አቡጀዲ ቀደው የልጅቱን መገነዣ ሰፉ። «ብዬሽ ነበር» ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። አንድም ቀን አላሉኝም።

አያ እሸቴ የደረሱት በማግስቱ ነው። የዚያን ሰሞን መካነ ሰላም ከየአገሩ በተሰደደ ርሃብተኛ ተጨናንቃ ነበርና ተራ እስኪደርሳቸው ሦስት ቀን ቆመዋል። እግራቸው አብጧል። ውጅግራው ትከሻቸው ላይ ነው። በር ላይ ሲያዩኝ ፈገግ አሉና ከመቀነታቸው ውስጥ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«ይኸው ልጄ፣ አንቺ እንዳልሽው አስጽፌ መጣሁ።»

ልጃቸው መሞቷን አያውቁም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኔ ከመጀመሬ በፊት እትዬ ዘነቡን አዩአት፤ ልጁን አዩት፤ የጎደለችውን በዓይናቸው ፈለጉ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። ወደ እኔ ቀና ብለው፣

«አታልቅሺ» አሉኝ። «ሕጉ ጥፋት የለበትም። አባትሽም በዚሁ ነገር ነው የሞተ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አያ። ነግረውኝ ነበር» አልኋቸው።

«ዝም በይ። እኔ ያስተማርሁሽ እንድትናገሪ ነው።»

በሳምንቱ ትኩሳት ጣላቸው። ተስቦ ነበር፤ በዚያ ሰልፍ ውስጥ ሳይዛቸው አልቀረም። የገብስ ሾርባ በማንኪያ እየሰጠሁ አሥር ቀን አስታመምኋቸው። እቤቴ ሞቱ። እትዬ ዘነቡም መስከረም ሳይጠባ ተከተለቻቸው። ጎተራ የሚሞላ ባይሆንም ያን ዓመት ዝናቡ መጣ፤ አደይ አበባው ሜዳውን ሲሸፍነው ከቤቱ የቀረው ልጁ ታደሰ ብቻ ነበር።

ኮሚቴው እንደገና ሲሰበሰብ የራሴን ውሳኔ እንዲያነሡልኝ ለመንሁ። አያ ይማም አስቀድመው ያሉትን ቃል በቃል ደግሜ ተናገርሁ፤ ሰባቱም እጅ ወጣ። ዘበኞቹ ጥይት ብቻ እየፈተሹ ሰውን ማስገባት ጀመሩ። በፖሊስ ጣቢያው መዝገብ፣ ሕጉ በቆየባቸው ሳምንታት ውስጥ፣ ወረቀት አሟልቶ የተመዘገበ ጠመንጃ አንድ ብቻ ነው። ትኩሳቱ ሳይጥላቸው በፊት በዚያ ወረቀት ያስመዘገቡት የአያ እሸቴ ውጅግራ።

ይህን በሕይወቴ ለሁለት ሰዎች ነግሬያለሁ። ሁለቱም «የገደላቸው ረሃቡ ነው» አሉኝ። እውነት ነው። እዚያ ገበያ ከዚያ ወዲህ በጥይት የሞተ ሰው አለመኖሩም እውነት ነው። ዛሬም ጠመንጃ በየሜዳው እንደ ሽንኩርት ይሸጥ የሚል ሰው ቢመጣ እከራከረዋለሁ። ግን ያን እሑድ የአባቴን ሞት ያነሣሁት እውነቱን ለመናገር ብቻ አልነበረም፤ አንድ ሽማግሌ ለመርታት ነበር። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ይህ ነው።

ታደሰ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። እኔ ነኝ ያሳደግሁት፤ እሑድ እሑድ ሳይጠይቀኝ አያልፍም። ወላጆቹን ረሃብ እንደጨረሳቸው፣ እኔ ከወይራ ሥር አንሥቼ እንዳዳንሁት ያውቃል። ለልጆቹም በፊቴ እንዲያ እያለ ያወራላቸዋል። እኔም ዝም ብዬ እሰማለሁ። ምን ዓይነት ሕግ እንደነበረ፣ ማን እንደጻፈው፣ አባቱ ያን ሁሉ መንገድ ለማን ክብር ብለው እንደሄዱ አልነገርሁትም። መጀመሪያ ሕፃን ነው አልሁ። ከዚያ ተማሪ ነው፣ ከዚያ ሙሽራ ነው እያልሁ ዘመኑ አለቀ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ለሱ ነው፤ በሚመጣው እሑድ እሰጠዋለሁ። መነጽሩን አድርጎ፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው። እሱ አንብቦ እስኪጨርስ እኔ የት እንደምቀመጥ፣ ዓይኔንስ የት እንደማሳርፍ ነው አሁን የጨነቀኝ።