የታመመው ጫማ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጌታ ይመስገን! ዛሬ ልመሰክር ተነሥቻለሁ። ከኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ የሌላውን ሰው ምስክርነት ስሰማ ዘመን ሆነኝ። ያልተነሣሁት አፍሬ ነው። የእናንተ ምስክርነት ያማረ ነው፤ ታመምኩ ትላላችሁ፣ ተጸለየልኝ ትላላችሁ፣ ዘለልኩ ትላላችሁ። እኔ እያነከስኩ ወጣሁ፣ እያነከስኩ ደግሞ ወደ ቦታዬ እመለሳለሁ። አያችሁኝ አይደል? ከፊት የተቀመጥሽው እህቴ፣ ገና ከአሁኑ ሃሌ ሉያ አትበይ። ቆይ። ጊዜው ሲደርስ እኔው እነግራችኋለሁ። ስሙ ግን ይባረክ!

በራሶ እባላለሁ፣ ታውቁኛላችሁ። የተወለድኩት ቡሌ ነው፣ ብርዱ አጥንት ሰብሮ ከሚገባበት ከደጋው። ለአባቴ አንድ ልጅ ነኝ። እሱ እንሰቱን እየተከለ እዚያው ቀረ፤ እኔ ስጎለምስ ወደ ዲላ ወረድኩና ፖሊስ ሆንኩ። አማርኛ የተማርኩት እዚያ ካምፕ ውስጥ ነው፣ በትእዛዝ። ተነሥ፣ ቁም፣ ሩጥ የሚለውን አሳምሬ አውቅ ነበር። የቀረውን እየገመትኩ ነው የኖርኩት።

ሩጫ ላይ ግን አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ያን ከባድ ቦት ተጫምቼ የወናጎን መንገድ ስወርድ የሚከተለኝ አልነበረም። ወገኖቼ፣ ልንገራችሁ፣ አምላኬ እግሬ ነበር። ሌላ አምላክ አላውቅም። አንድ ቀን የመቶ አለቃችን ጠራኝና «አንተ፣ ለጃንሆይ ልደት ይርጋለም ላይ ውድድር አለ። አንደኛ ከወጣህ አዲስ አበባ ይወስዱሃል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንቅልፌም ምግቤም ሩጫ ሆነ።

ይሄን ጊዜ ነው እግሬ ማመም የጀመረው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዋ እርምጃ እሾህ እንደ መርገጥ ነበረች። ከተረከዜ ሥር ይነሣና ወደ መሃል ይስበኛል። ስራመድበት ይለቀኛል፤ አረፍ ስል ተመልሶ ይይዘኛል። ወደ ክሊኒክ ሄድኩ። ድሬሰሩ፣ የክሊኒኩ አካሚ፣ ከሰሜን የመጣ ሰው ነው፣ ሲናገር ይፈጥናል። አውራ ጣቱን ውስጥ እግሬ ላይ ሲጫነው ጮህኩ።

«የታመመው የእግርህ ጫማ ነው» አለኝ። «ጫማህን አሳርፈው። ሌላ መድኃኒት የለውም።»

እኔ ደግሞ ጫማ ሲባል የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከሱቅ የሚገዛውን። የእግርህ ጫማ ሲለኝ እንኳ በልቤ «ታዲያ የእጅ ጫማ አለ እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት። እኛ ቡሌዎች ይህን ቃል ከገበያ እንጂ ከሐኪም አልተማርነውም። ቀጥ ብዬ የመቶ አለቃው ዘንድ ሄጄ «ጌታዬ፣ ሐኪሙ ጫማህ ታሟል፣ ይረፍ ብሏል» አልኩት።

የመቶ አለቃው ሳቀ። እሱም እንደ እኔ ነው የገባው። «እውነቱን ነው፤ ይሄ ቦት እንኳን ሰውን በቅሎ ያሳምማል» አለና ከሣጥኑ የራሱን የሩጫ ጫማ አወጣልኝ። ከላይ ሸራ፣ ከታች ስስ ጎማ፤ ሁለቱን በአንድ መዳፍ ስይዛቸው ላባ ነበሩ። ቦቴን ወልውዬ አልጋዬ ሥር አስተኛሁት። እንዳይበርደው ብዬ ጨርቅም ጣል አደረግሁበት፤ ሐኪም ያሳረፈው ታማሚ ነዋ! ሳቁ፣ ሳቁ፣ ይገባኛል። እኔም ዛሬ እስቃለሁ።

ደግሞም ጉዱ፣ ሕመሙ ተወኝ! ጠዋት ስነሣ እሾሁ የለም። መሬቱ ከእግሬ ሥር ይሰማኛል፣ ጠጠሩ ሳይቀር። ጓደኞቼ እየመጡ ያን ጫማ ይዳስሱት ነበር። «መድኃኒት ነው» ይላሉ። እኔም አዎ እላለሁ። ለዓመታት በቦት ታስሮ የኖረ እግር ነው፤ እኔ ግን ሩጫውን እጥፍ አደረግሁት። ጠዋት እሮጣለሁ፣ ከሥራ መልስ እሮጣለሁ። እህቴ፣ አሁንም ገና ነው።

ከዚያ ሕመሙ ቦታ ቀይሮ መጣ። አሁን ከፊት ነው፣ ከጣቶቼ ኋላ፣ ላይ ላዩን። ባቴ ደረቀ። እግሬ ምሽት ላይ ያብጣል። ለማንም አልተናገርኩም፤ ውድድሩ ደርሷላ! «ጫማው ያሽረዋል» እያልኩ ማሰሪያውን ላላ አድርጌ ሮጥኩ። አንድ ጠዋት በዚያው በወናጎ መንገድ ላይ ከውስጥ ቀጭ ሲል ሰማሁት። የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነው። ቡና የጫነ መኪና ከመንገድ አንሥቶ ወደ ዲላ መለሰኝ።

ድሬሰሩ ገና ሲያየኝ ተቆጣ። «ጫማህን አሳርፍ አላልኩህም?»

«አሳረፍኩ እንጂ! ይኸው አልጋ ሥር ተኝቷል!»

ሰውዬው ራሱን ያዘ። «ወንድሜ፣ ጫማ ያልኩህ እኮ ይሄን ነው» ብሎ መዳፉን ውስጥ እግሬ ላይ አሳረፈ። «የምትረግጥበትን!» አልተሳሳቅንም። እሱም አዘነ፣ እኔም አለቀስኩ።

ይርጋለም የገባሁት በዚያው በውድድሩ ሰሞን ነው፤ የሄድኩት ግን ወደ ሆስፒታል ነው። ራጅ አነሡኝ። ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ እንዲህ አለኝ፦ «ቀላሉ ጫማ ክፉ አይደለም። ቀስ በቀስ ብትለምደው ኖሮ እግርህን ያጠነክረው ነበር። አንተ እግርህን ከቦቱ በአንድ ጊዜ ፈታኸው፤ አጥንቱ አልቻለም።» «መቼ እሮጣለሁ?» አልኩት። አስተርጓሚው ሳይተረጉመው ቀረ፣ ጥያቄው ከፊቴ ይነበብ ነበርና። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። በጀሶ አሰሩኝ። ጀሶው ሲፈታ አጥንቱ ጠምሞ ገጥሞ ነበር። ከሥራዬም ተሰናበትኩ።

ዲላ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ወደቅሁ። ቃልቻ ዘንድም ተወስጃለሁ፤ ቅቤ ቀባኝ፣ ዶሮ አሳረደኝ፣ እግሬ ግን እንደነበረ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ልብስ ሰፊው ጋሽ ሽፈራው ይኖራል፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ማታ ማታ ወንድሞች ይሰበሰቡና ይዘምራሉ። እኔ ግድግዳውን እደበድባለሁ። እነሱ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ አያቆሙም።

በዚያ ክረምት ከቡሌ መልእክት መጣ። አባትህ ሊሞት ነው፣ ልጄን አሳዩኝ ይላል፣ ተባልኩ። ወገኖቼ፣ አባቴ አንድ ልጅ ነው ያለው። የቡሌን መንገድ በዚያ ጭቃ መኪና አይደፍረውም። በቅሎ ሞከርኩ፤ እግሬ ቁልቁል ሲንጠለጠል ያብጥና ራሴን እስታለሁ። እየዳህኩ ከደጄ ወጣሁ፣ ከአጥሩ አላለፍኩም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ እንደ ሴት ልጅ ጮኼ አለቀስኩ።

ጋሽ ሽፈራው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ወጣ። «በራሶ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«አባቴ ሊሞት ነው። እኔ ደግሞ እግር የለኝም።»

«እኛ አለን» አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ስብከትም የለ። ሄደና ያን ግድግዳ እየደበደብኩ ስረብሻቸው የነበሩትን ሰዎች ጠርቶ ቃሬዛ ይዞ መጣ። ጌታ ሆይ ተመስገን!

አገሩን ታውቁታላችሁ፣ ቃሬዛ ያየ ሰው ሳይሸከም አያልፍም። ከገበያ የሚወጣው ሁሉ ሸክሙን ከመንገድ ዳር እያስቀመጠ ትከሻውን ይሰጣል። «ማን ነው? ሞቷል?» ይላሉ። «አልሞተም፣ እግሩ ነው» ይሏቸዋል። አንገቴን ጋቢዬ ውስጥ ቀበርኩ። ያን ሁሉ ሰው ቀድሜ እሮጥ የነበርኩ እኔ፣ ሬሳ መስዬ ተሸክመውኝ ዳገት ይወጣሉ።

ሌሎቹ ሲፈራረቁ ጋሽ ሽፈራው ትከሻውን አላወረደም። የከተማ ሰው ነው፣ በባዶ እግር መሄድ አልለመደም፤ ጭቃው ስላንሸራተተው ግን ጫማውን አውልቆ በማሰሪያው አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ከአንድ ወንዝ ስንደርስ አሳረፉኝ። እኔ መሬት ላይ ተኝቻለሁ፤ እሱ ከፊቴ ቁጭ ብሎ እግሩን ዘረጋ። ውስጥ እግሩ ልክ ከዓይኔ ትይዩ ነበር። ከተረከዙ እስከ መሃሉ ተሰንጥቋል፣ ደሙ ከጭቃው ጋር ይወርዳል።

«ጋሼ» አልኩት፣ «ጫማህ ደምቷል።»

አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን አገላብጦ፣ አገላብጦ አየና «የቱ ጫማ?» አለኝ።

ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን። ከዚያ ሳቄ መሃል ላይ ተቆርጦ ለቅሶ ሆነ፣ ማቆም አቃተኝ። ለእኔ አባት ብሎ፣ ለማያውቀው ሽማግሌ ብሎ ይደማል። «ጫማ» የሚለውን ቃል የተማርኩት ያኔ ነው፤ ድሬሰሩ ነግሮኝ አልገባኝም ነበር። «ጋሼ፣ እንዲህ ለሰው መድማትን ማን አስተማረህ?» አልኩት። ደሙን በሣር እየጠረገ «ሲደርስ እነግርሃለሁ፤ አሁን አባትህ ይጠብቃል» አለኝ።

አባቴ በሕይወት ነበር። ዓይኑ አያይም፤ እጁን ዘርግቶ ፊቴን ዳሰሰ፣ ከዚያ ወደ እግሬ ወረደ። የጠመመውን አጥንት ሲያገኘው እጁ እዚያው ቆመ።

«በእግርህ መጣህ?» አለኝ።

«የለም አባ። በሰው እግር መጣሁ።»

«እንግዲያው ሰዎቹን አብላቸው» አለ። የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ነው። በማግስቱ ቀትር ላይ አረፈ። እነ ጋሽ ሽፈራው ሥራቸውን ትተው መቃብሩን ቆፈሩ፣ ለቅሶውም ላይ ተቀመጡ። ከቀብሩ መልስ እንሰቱ ውስጥ ጋሽ ሽፈራው ቃል የገባልኝን ነገረኝ። የእኔን ሸክም ከሁሉም በፊት ስለተሸከመው ጌታ ነገረኝ። ራእይ አላየሁም፣ ብርሃን አላየሁም። አመንኩ። ተሸክመውኝ መጥተው እንዴት አላምንም?

ለእግሬም ጸለዩልኝ። አልቀናም። ለረጅም ጊዜ ጸለይን፣ አልቀናም። ተቆጥቼም አውቃለሁ፤ ጌታ ያውቀዋል፣ ለእናንተ ልደብቅ አልችልም። ያን ቀላል ጫማ እንደገና አድርጌ ሐኪሙ እንዳለኝ ቀስ በቀስ ጀመርኩት። መጀመሪያ እስከ በሩ፣ ከዚያ እስከ አጥሩ፣ ከዚያ እስከ ገበያው። እሾሁ ሄደ። ማንከሱ ቀረ። በብርድ ጊዜ ዛሬም ያመኛል፣ አሁን ቆሜ ሳወራችሁም ያመኛል። መሮጥ እወድ ነበር፣ ወገኖች። ዛሬም በሕልሜ እሮጣለሁ፣ ስነቃ ያለቀስኩበት ጊዜ አለ።

ጋሽ ሽፈራውን ባለፈው ሳምንት መቅበራችንን ታውቃላችሁ። ቃሬዛው ሲነሣ «በራሶ ይቅር፣ አይችልም» አላችሁ። በፍቅር ነው ያላችሁት። እኔ ግን ጫማዬን አውልቄ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩና ትከሻዬን ሰጠሁ። ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት፣ እናንተም ስለ እኔ ብላችሁ ቀስ አላችሁ፤ ጌታ ይባርካችሁ! መቃብሩ አፍ ስንደርስ ወደ ታች ሳይ ጫማዬ ደምቷል። «የቱ ጫማ?» የሚለኝ ግን ቃሬዛው ላይ ተኝቷል።

እንግዲህ የተነሣሁት ለዚህ ነው። የተሸከመኝን ሰው ተሸከምኩ። የተሰበረ እግር ይዤ፣ እስከ መቃብሩ። ይሄን ያደረገው እግሬ አይደለም፤ እግሬን እኔ አውቀዋለሁ። ተመስገን፣ ተመስገን ጌታዬ! ከኋላ የተቀመጣችሁ፣ ጸሎታችሁ እንደ ለመናችሁት ያልተመለሰላችሁ፣ የምትመሰክሩት ስላላማረ የምታፍሩ፣ ወደ እርሱ ኑ። መሮጥ አይጠበቅባችሁም፤ እርሱ መሸከም ያውቃል። እኔ ከጎናችሁ ቀስ ብዬ እሄዳለሁ።

እህቴ፣ አሁን። አሁን ሃሌ ሉያ በይ።