ያልተሟሸው መጋዝ

ሾላው ሥር አረፍ ብዬ ሳለሁ የጎረቤቴ ልጅ አዲስ የሞተር መጋዝ ይዞ መጣ። ሲያስነሳው የቤንዚኑ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ።

«እማማ፣ ይነሡልኝ። መጀመሪያ በቅርንጫፎቹ ላሟሸው፤ ከዚያ ግንዱን እጥለዋለሁ» አለኝ።

ላሟሸው!

በጣሊያን ጊዜ ነው። ጣሊያኖቹ ለሮቢት ወንዝ ድልድይ እንጨት ሲፈልጉ፣ አናጢ ለነበረው አባቴ አዲስ የእጅ መጋዝ ሰጥተው ይህንኑ ሾላ እንዲጥለው አዘዙት። ዝናብ ሲጠፋ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርገው እዚሁ ሥር ነው።

አባቴ እንቢ አላለም። መጋዙን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ በሞረድ ይስለው ጀመር፤ ጫፉን የምይዝለት እኔ ነኝ። የብረቱ ጩኸት ጥርሴን ይጠዘጥዘኛል። ይስላል፣ በሰሊጥ ዘይት ይወለውላል፣ ደግሞ ይስላል። የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሥራውን ሊያይ በመጣ ቁጥር፣ «ገና አልተሟሸም፣ ጌታዬ» ይለዋል።

«አባባ፣ የመጋዙ ጥርስ እኮ አለቀ!» አልኩት አንድ ቀን።

«ዝም ብለሽ ያዢ። እንቢ ብላቸው ለሌላ ሰው ይሰጡታል። ወላሂ፣ ይሄ መጋዝ ከእጄ የሚወጣው እንደ ቢላዋ ጀርባ ሆኖ ነው!»

በመጨረሻ አስተርጓሚው መጋዙን በጣቱ ዳሰሰው። ምንም አልቧጠጠውም። አባቴን ያን ዕለት ወታደሮች ወሰዱት፤ እጁ ገና ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸት ነበር። ሾላው ግን ይኸው አለ።

«እማማ፣ ይነሡ እንጂ!» አለኝ ልጁ።

ግንዱን ተደግፌ ይበልጥ ተደላደልኩና እጄን ዘረጋሁለት።

«ሞረድህን ወዲህ በል» አልኩት። «እኔ ላሟሽልህ።»