የሊቀመንበሩ ንግግር መጨረሻ

ባለቤቴ ጫልቱ ከማረፏ በፊት የዘመረችው መዝሙር በአንዲት ካሴት ላይ ነበረኝ። ሌላ የድምፅዋ ቅሪት የለኝም። በደርግ ጊዜ ነው፤ እዚህ ነቀምቴ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቴፔን ለስብሰባ ተዋሰና፣ ካሴቷ ውስጡ እንዳለች የራሱን ንግግር በላይዋ ቀዳባት። መልስልኝ ስለው፣ “አሁንማ የሕዝብ ንብረት ሆናለች” አለኝ።

ሬድዮ ጠጋኙን ጉራጌ አማከርኩት።

“ኦቦ፣ የተናገረበት ጠፍቷል። ካቆመበት ወዲያ ያለው ግን አይነካም። ለመሆኑ አቁሟል?”

“እሱ?” አልኩ። ጠጋኙ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ካሴቷ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ለሕዝብ የምትሰማበት ዕለት ከሁሉ ፊት ተቀመጥኩ። ሰው ያንቀላፋል፤ እኔ ብቻ ጆሮዬን አቁሜ የሚያልቅበትን እጠብቃለሁ።

“ጓዶች፣ ከኚህ አባት ተማሩ!” አለ ሊቀመንበሩ ደስ ብሎት። ከዚያ እሱንም የገዛ ንግግሩን እየሰማ እንቅልፍ ወሰደው።

ንግግሩ አያልቅም። ወደፊት ይላል፣ ይውደም ይላል፣ እንደገና ወደፊት ይላል። የካሴቷ ክር እየቀጠነ ሲሄድ ተስፋዬም አብሮ ቀጠነ። ድንገት ድምፁ ተቆረጠ፤ እሽሽ አለ። ከዚያ ጫልቱዬ ያኔ መዝሙሯን ስትጨርስ ቀጂውን እኔን የተቆጣችኝ ቁጣ በድምፅ ማጉያው ወጣ፦

“ገኣ! በቃ፣ ዝጋው እንጂ! ካሴቱን በከንቱ አትጨርሰው!”

ተሰብሳቢው ባንኖ፣ ንግግር ባለቀ ቁጥር እንደለመደው አጨበጨበ። ሊቀመንበሩም ዓይኑን እያሸ ከሁላችንም አብልጦ አጨበጨበ።